መጀመሪያ ከተማውን፣ ከዚያ ሆቴሉን፦ የአሜሪካን ሪዞርቶች የማወዳድርበት መንገድ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆቴል ፍሮንት ዴስክ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በዚህ የተነሳ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ስልኬ ዕረፍት የለውም። «ኦርላንዶ የትኛው ሆቴል ይሻለናል?» «ቬጋስ በ59 ዶላር አገኘሁ፣ ልያዘው ወይስ ይቅርብኝ?» ደዋዩ ዘመድ ነው፣ ጓደኛ ነው፣ የጓደኛ ጓደኛ ነው። እኔም ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ የመጣችውን እናቴን ጨምሬ፣ ከሜሪላንድ ባሕር ዳርቻ እስከ ሃዋይ ብዙ ሆቴል አድሬያለሁ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ለሁሉም የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ቀኑን የት ነው የምታሳልፉት? ቬጋስ የሄደ ሰው ሆቴሉን የሚፈልገው ገላውን ታጥቦ ለመተኛት ነው። ኦርላንዶ ግን ጥሩ ሆቴል ማለት ሰዓት የሚያተርፍላችሁ ማለት ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፖኮኖስ ተራራ ላይ ያሉትን የውሃ ፓርክ ሪዞርቶች ብትወስዱ ደግሞ ከገባችሁ አትወጡም፤ ሆቴሉ ራሱ ነው ጉዞው። ቬጋስ ላይ ያዋጣው ዘዴ ኦርላንዶ ላይ ሊያከስር ይችላል።

ኮከብ ቆጥራችሁ ብቻ አትወስኑ። አሜሪካ ውስጥ ለሆቴል ኮከብ የሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። ትሪፕል ኤ የተባለው የመኪና ባለቤቶች ማኅበር ዳይመንድ ይሰጣል፣ ፎርብስ ትራቭል ጋይድ ኮከብ ይሰጣል፤ ሁለቱም ሰው ልከው በየራሳቸው መስፈርት ያያሉ። የመያዣ ድረ ገጾች ላይ የምታዩት ኮከብ ግን ብዙ ጊዜ ድረ ገጹ ራሱ የለጠፈው ነው። በአንዱ ላይ ሦስት ተኩል የሆነው በሌላው አራት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እኔ ከኮከብ ይልቅ በቅርብ ወራት ያደሩ ሰዎች የጻፉትን አያለሁ፤ በተለይ መካከለኛ ነጥብ የሰጡትን። አምስት የሰጠው ደስ ብሎታል፣ አንድ የሰጠው ተናዷል። ሦስት የሰጠው ነው አሳንሰሩ ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ የሚነግራችሁ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰውን በጣም የሚያናድደው ሪዞርት ፊ የሚባለው ነበር። ድረ ገጹ 59 ዶላር ይላል፤ ክፈሉ ሲባል መቶ ምናምን ይመጣል። ለዋይፋይ፣ ለፑልና ለጂም ነው ይሏችኋል። ፑሉን በዓይናችሁ ባታዩትም ትከፍላላችሁ። ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ግን የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ መሠረት ግዴታ የሆነ ክፍያ ሁሉ ከመጀመሪያው በሚታየው ዋጋ ውስጥ መግባት አለበት። ልብ በሉ፣ ክፍያው አልቀረም። የተከለከለው መደበቁ ነው። ታክሱ አሁንም መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይችላል። እንደ ፓርኪንግ ያለ ፈልጋችሁ የምትከፍሉትም እዚያ ውስጥ የለም።

አንድ ስሌት ላሳያችሁ። ቬጋስ ስትሪፑ ላይ፣ ትልልቆቹ ካዚኖ ሆቴሎች የተደረደሩበት ጎዳና ማለት ነው፣ ክፍሉ 59፣ ሪዞርት ፊው 50 ዶላር ይሁን። 109 ሆነ። እዚያ ያለው የክፍል ታክስ ከ13 በመቶ በላይ ስለሆነ 123 አለፈ። መኪና ተከራይታችሁ ከሆነ ለፓርኪንግ 20 ጨምሩ፤ 143። ቁርስ የለም። አሁን ኪሲሚ ውስጥ፣ ከኦርላንዶ አጠገብ ማለት ነው፣ 119 ዶላር የሚል ሆቴል ውሰዱ። ታክሱ 13.5 በመቶ ነው፤ 135 ይሆናል። ቁርስና ፓርኪንግ በነጻ የሚሰጥ ከሆነ ሒሳቡ በዚያው ተዘጋ። በግማሽ ዋጋ የተገኘ የመሰለው በለጠ። ሁለት ሆቴል ስታወዳድሩ ወረቀት ላይ ይህን መስመር በመስመር ጻፉ፦ ክፍል፣ ፊ፣ ታክስ፣ ፓርኪንግ፣ ቁርስ። ከዚያ በአዳር ስንት እንደሆነ እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቬጋስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነው። የከተማው ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው በቀን ነው። ከእሑድ እስከ ሐሙስ የምታድሩበት ክፍል ዓርብና ቅዳሜ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ሲኢኤስ የተባለው ትልቁ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን፣ ኖቬምበር ላይ ደግሞ የፎርሙላ ዋን ውድድር አለ። በእነዚያ ቀናት ተራው ክፍል እንኳ ሰማይ ይነካል። ቀን መቀየር ከቻላችሁ ሆቴል ከመቀየር የበለጠ ታተርፋላችሁ።

ካርታ ላይ ሁሉም ቅርብ ይመስላል። ስትሪፑ ግን ወደ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሆቴሎቹም እያንዳንዳቸው ሰፈር ያክላሉ። «ያው እዚያ ነው» ያላችሁት ሕንፃ በእግር 20 ደቂቃ ይወስዳል። ጁላይ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። መሀል ላይ፣ ቤላጂዮ አካባቢ፣ ማደር ውድ ነው፤ ግን የታክሲ ያድናል። ደቡቡ ጫፍ ላይ ያሉት ማንዳላይ ቤይ፣ ለክሶርና ኤክስካሊበር ረከስ ይላሉ። በመካከላቸውም ነጻ ትራም አለ፤ ከኤክስካሊበር ወዲያ ግን በእግር ወይም ስትሪፑ ላይ በሚመላለሰው ዲውስ በሚባለው አውቶቡስ ነው።

ከልጅ ጋር ከሆናችሁ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ካዚኖው ውስጥ ማለፍ እንጂ መቆም አይፈቀድለትም። አብዛኞቹ ሆቴሎች የተሠሩት ደግሞ ወደ አሳንሰሩ ለመድረስ በካዚኖው መሀል እንድታልፉ ተደርጎ ነው። ጋሪ እየገፋችሁ፣ አንዱን ልጅ በእጅ ይዛችሁ፣ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ታልፋላችሁ። ሁለተኛ፣ ሲጋራው ራሱ። ካዚኖ ውስጥ ማጨስ የተፈቀደ ነው። ይህን ካልፈለጋችሁ ፓርክ ኤምጂኤም ከነካዚኖው ጭስ አልባ ነው። ቭዳራና ከኤምጂኤም ግራንድ ጋር የተያያዘው ሲግኔቸር ደግሞ ካዚኖም የላቸውም፤ ክፍሎቻቸውም ትንሽ ኩሽና አላቸው። እኔ ከልጆች ጋር ከሄድኩ ከእነዚህ አልወጣም።

እናቴን ይዘን ስንሄድ ያረፍንበት ሆቴል ግን ሌላ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ገና ሻንጣ ሳናስቀምጥ የኢንሱሊን ቦርሳዋን ይዛ ፍሪጁን ከፈተችው። ሚኒባር ነው። በጠርሙስና በቸኮሌት ጢም ብሏል።

«እማዬ፣ እሱን አትንኪው!» አልኳት።

«ምነው፣ ቦምብ ነው እንዴ?»

ከቦምብ አይተናነስም። ብዙዎቹ የቬጋስ ሚኒባሮች ከሥር ሴንሰር አላቸው። ጠርሙሱን አንስታችሁ ብትመልሱትም ሒሳባችሁ ላይ ሊገባ ይችላል። የራሳችሁን ውሃ ልታስገቡበት ብታንቀሳቅሱትም እንደዚያው። መፍትሔው ወደ ፍሮንት ዴስክ ደውሎ የመድኃኒት ፍሪጅ መጠየቅ ነው። ለመድኃኒት ከሆነ ብዙ ሆቴል ያለ ክፍያ ያመጣል። እኛም አመጡልን፤ ግን ሦስት ጊዜ ደውዬ ነው። ስትይዙ ቀድማችሁ ማስታወሻው ላይ አስጽፉት። ማይክሮዌቭ ስትሪፑ ላይ ካሉት ተራ ክፍሎች በአብዛኞቹ የለም። ቡና ማፍያም እንዲሁ።

የቬጋስ አንድ ደስታ የሐበሻው ብዛት ነው። ታክሲ ስትገቡ ሹፌሩ በመስታወት አይቷችሁ «የኛ ልጅ ነሽ አይደል?» ማለቱ አይቀርም። ከስትሪፑ ወጣ ስትሉ ጥሩ ጥሩ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ሆቴል ውስጥ ለአንድ ሳንድዊች በምትከፍሉት ገንዘብ ትሪ ሙሉ በያይነቱ ትበላላችሁ። ስለዚህ ቬጋስ ላይ ቁርስና እራት ከሆቴሉ ጋር ማያያዝ አያስፈልግም።

ኦርላንዶ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ስልት ያለው ሰው ብዙ ያተርፋል።

መጀመሪያ «ለዲዝኒ ቅርብ» የሚለውን ማስታወቂያ ተጠራጠሩ። የዲዝኒ ወርልድ ግቢ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአጥሩ ቅርብ መሆንና ከፓርኩ በር ቅርብ መሆን አንድ አይደለም። «ነጻ ሸትል አለን» የሚሉም አሉ፤ ወደ ፓርኩ የሚያመላልስ አውቶቡስ ማለት ነው። ሰዓቱን ጠይቁ። አንዳንዱ ጠዋት ሁለቴ ይሄዳል፣ ማታ ሁለቴ ይመለሳል። ልጅ ደክሞት ሲያለቅስ ሸትሉ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ያኔ ኡበር ትጠራላችሁ፤ ነጻ የተባለው በዚያ ቀረ።

ዲዝኒ የራሱን ሆቴሎች በዋናነት በሦስት ይከፍላል፦ ርካሹ ቫልዩ፣ መካከለኛው ሞደሬትና ውዱ ዴሉክስ። በየትኛውም ብታድሩ ከሌላው ሰው በፊት 30 ደቂቃ ወደ ፓርኮቹ ትገባላችሁ። 30 ደቂቃ ትንሽ ይመስላል። ጠዋት ላይ ግን ቀትር ላይ ሰዓት ተኩል የሚያሰልፈውን መጫወቻ ያስጨርሳል። ሪዞርት ፊ የለም። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የሆቴሉ ፓርኪንግ ነጻ ነው። ፓርኮቹ በር ላይ ሌላው ሰው የሚከፍለውን መኪና ማቆሚያም አትከፍሉም። ቫልዩ ከሚባሉት ውስጥ እኔ የምመርጠው ፖፕ ሴንቸሪን ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግን ስካይላይነር የሚባለው በአየር ላይ የሚሄድ ጎንዶላ ከበሩ ተነስቶ ኤፕኮትና ሆሊውድ ስቱዲዮስ ወደሚባሉት የዲዝኒ ፓርኮች ይወስዳል። አውቶቡስ መጠበቅ የለም። ከኩሬው ማዶ ያለው አርት ኦፍ አኒሜሽን ደግሞ ስድስት ሰው የሚያስተኛ ስዊት አለው። ለሐበሻ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ተራ የአሜሪካ ሆቴል ክፍል ሁለት አልጋ፣ አራት ሰው ነው። አምስተኛውን ልጅ «ትንሽ ናት» ብሎ ማስገባት አለ። እኛ ዴስክ ላይ የምንቆመው እናያለን። የእሳት አደጋ ደንብ ስለሆነ ሁለተኛ ክፍል ውሰዱ ልትባሉ ትችላላችሁ።

አኒማል ኪንግደም ሎጅን ሳልጠቅስ አላልፍም። ዴሉክስ ነው፤ ዋጋው ያስደነግጣል። ሳቫና ቪው የሚባለውን ክፍል ከያዛችሁ በረንዳው ፊት ለፊት ቀጭኔና የሜዳ አህያ ይሰማራል። ልጆቼ ጠዋት በፒጃማ በረንዳ ላይ ቆመው ቁርስ አንበላም አሉ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ቀጭኔ ለማየት ነው ከአፍሪካ ያመጣሽኝ?» አለችኝ። ምን ይባላል! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ካላደራችሁበትም ማየት ትችላላችሁ። ከሎጁ ሁለት ሕንፃዎች ኪዳኒ ቪሌጅ በተባለው ውስጥ ሳናአ የሚባል ምግብ ቤት አለ። ቀን ላይ ጠረጴዛ ቀድማችሁ ያዙ፣ በመስኮቱ በኩል ያው ሜዳ ይታያል። ልዩ ልዩ ቂጣ ከብዙ ዓይነት ማጥቀሻ ጋር ይቀርባል፤ እየቆረሱ ማጥቀስ ለኛ አዲስ አይደለም።

ሌላው የኦርላንዶ መዝናኛ ዩኒቨርሳል ላይ ያለው ዘዴ ደግሞ ይህ ነው። ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክና ሮያል ፓሲፊክ የሚባሉት ሦስቱ ውድ ሆቴሎች ለሚያድረው ሰው ሁሉ ኤክስፕረስ ይሰጣሉ፤ ሰልፍ የሚያሳጥረውን ማለት ነው። የሚሠራው በገባችሁበትም በምትወጡበትም ቀን ነው። አንድ ሌሊት አድራችሁ ሁለት ቀን ትጠቀማላችሁ። ኤክስፕረሱን ለብቻው ብትገዙ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር ያልፋል። አራት ሰው ሁለት ቀን ሲሆን ከ800 በላይ መሆኑ ነው። ክፍሉ 500 ዶላር ቢሆን እንኳ ያዋጣል። ማስጠንቀቂያው ግን፣ ይህ የሚሠራው በሁለቱ የቆዩ ፓርኮች ነው። በ2025 የተከፈተውን ኤፒክ ዩኒቨርስ አይጨምርም። የፓርክ መግቢያ ትኬቱም ለብቻው ነው።

ስለዚህ እኛ የምናደርገው ማዳቀል ነው። አብዛኛውን ሌሊት ኪሲሚ ወይም ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ ኩሽና ባለው ሆቴል እናድራለን። ሬዚደንስ ኢን፣ ሆምዉድ ስዊትስ፣ ሆም ቱ የሚባሉት ዓይነት፤ ምድጃ ወይም ቢያንስ ማይክሮዌቭና ሙሉ ፍሪጅ ያለበት፣ ቁርስም በነጻ። ከዚያ ለዩኒቨርሳል አንድ ሌሊት ሮያል ፓሲፊክ። ሻንጣ ማዘዋወር ያሰለቻል፤ ባለቤቴ እስካሁን ያማርራል። ሒሳቡን ሳሳየው ግን ዝም ይላል።

ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ሆቴሉን ተዉት። ኪሲሚ አካባቢ አምስትና ስድስት መኝታ ያለው፣ የራሱ ፑል ያለው ቤት ይከራያል። ሲካፈሉት ከሆቴል ይረክሳል። የጽዳት ክፍያውንና በብርድ ወራት የፑል ማሞቂያውን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

የውሃ ፓርክ ሪዞርቶቹን ቶሎ ልጨርሳቸው። ለዲሲ አካባቢ ነዋሪ ምርጫው ብዙ ነው። ፖኮኖስ ላይ ግሬት ዉልፍ ሎጅ፣ ካላሃሪና ካምልባክ አሉ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ፔሪቪል፣ ሜሪላንድ፣ አይ 95 አውራ ጎዳና አጠገብ ሌላ ግሬት ዉልፍ ተከፍቷል። ጃንዋሪ ላይ ውጭው በረዶ ሆኖ ውስጡ ሁልጊዜ ወደ 29 ዲግሪ ነው። የውሃ ፓርኩ ከክፍሉ ጋር ነው የሚመጣው። ስለዚህ በሌሊት 300 ዶላር ስታዩ አትደንግጡ፤ የመግቢያ ትኬት አብሮ አለበት። የሚጎዳው ምግቡና ሌላው ሌላው ጨዋታ ነው። በአስማት ዘንግ የሚጫወቱት ጨዋታ፣ ቦውሊንግ፣ አርኬድ ሁሉም በገንዘብ ነው፤ ልጆቹም በየኮሪደሩ ያዩታል። ዘዴው በወጣችሁበት ቀንም ፓርኩን እስከ ማታ መጠቀም መቻላችሁ ነው። እሑድ ገብቶ ሰኞ መውጣት ከዓርብ ቅዳሜው በጣም ይረክሳል። ልጆቻችሁ ከሦስት ዓመት በታች ወይም ከ14 በላይ ከሆኑ ግን እኔ አልመክርም።

ኦሽን ሲቲ ሜሪላንድ ላይ ጥያቄው ቦርድዎክ ላይ ወይስ ከዚያ ወዲህ ነው። የእንጨቱ መንገድ የሚያልቀው 27ኛው ጎዳና ላይ ነው። ከዚያ በታች ካደራችሁ ማታ ማታ ያለ መኪና ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ጫጫታው ግን እኩለ ሌሊት ድረስ ነው። ወደ ላይ፣ 80ኛውና 100ኛው ጎዳናዎች አካባቢ፣ ጸጥ ያለና ኩሽና ያለው ኮንዶ ታገኛላችሁ። ጁላይና ኦገስት ላይ ለቅዳሜና እሑድ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ካልያዛችሁ አናከራይም የሚሉ ብዙ ናቸው። ከሌበር ዴይ በኋላ ያለው ሴፕቴምበር የኔ ምርጫ ነው፤ ውሃው ገና ሞቅ ያለ ነው፣ ዋጋው ወርዷል፣ ሰው የለም። ትምህርት ቤት ተከፍቷል የሚለው ብቻ ነው ችግሩ።

ሳውዝ ካሮላይና ያለው ሚርትል ቢች ይረክሳል፤ ባሕሩ ፊት ኩሽና ያለው ክፍልና ልጆች በጎማ የሚንሳፈፉበት ፑል በየሆቴሉ ነው። እዚያም ሆነ በየትኛውም ባሕር ዳርቻ አንድ ነገር አጣሩ። ኦሽን ፍሮንት ሲሉ በረንዳው ቀጥታ ባሕሩን ያያል። ኦሽን ቪው ሲሉ አንገታችሁን አጣማችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ፓርሻል ካሉ ደግሞ በሁለት ሕንፃ መሀል ሰማያዊ ክር ነው የምታገኙት። እኛ ዴስክ ላይ ከምንሰማው ቅሬታ ግማሹ ይህ ነው።

ሃዋይ፣ ዋይኪኪ ላይ እኔ ባሕሩ ፊት ለፊት ላለ ክፍል አልከፍልም። ምክንያቱም ሃዋይ ውስጥ የባሕር ዳርቻው ሁሉ የሕዝብ ነው። በ1927 የተከፈተው ሮዝ ቀለም ያለው ሮያል ሃዋይያን ሆቴል ፊት ያለውን አሸዋ እናንተም ፎጣችሁን ዘርግታችሁ ትተኙበታላችሁ። ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ኩሂዮ ጎዳና ላይ ብታድሩ አምስት ደቂቃ ነው የምትራመዱት። ልዩነቱ ግን በሌሊት መቶም ሁለት መቶም ዶላር ሊሆን ይችላል። የፊት ለፊቱን ዋጋ የሚያወጣው ቀኑን ሙሉ ሪዞርቱ ውስጥ ለሚውል፣ ጫጉላ ላይ ላለ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው።

ሃዋይ ላይ ታክሱን አትርሱ። የክልሉ፣ የካውንቲውና የሽያጩ ሲደመር ከ17 በመቶ ይበልጣል። የመኪና ማቆሚያም ዋይኪኪ ውስጥ በሌሊት 50 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያስከፍል ሆቴል አለ። ስለዚህ መኪና ለሙሉ ጊዜ አትከራዩ። ደሴቲቱን ለመዞር ለአንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ተከራዩ፣ ሌላው ጊዜ በእግርና በአውቶቡስ ነው። ኤቢሲ የሚባሉት ሱቆች በየማዕዘኑ አሉ፤ ቁርስና ውሃ ከዚያ። የጸሐይ ቅባት ስትገዙ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሌለበት ይሁን። ኮራሉን ይጎዳሉ ተብሎ ከ2021 ጀምሮ እዚያ መሸጣቸው ተከልክሏል።

የጾሙን ነገር ሳላነሳ ብቀር ቅር ይለኛል። ፍልሰታ ከኦገስት 7 ጀምሮ ነው፤ ማለትም የአሜሪካ ዕረፍት ጫፍ ላይ። «ቁርስ በነጻ» የሚለው ማስታወቂያ ያኔ ለእናቴ ምንም ነው። ቁርሱ በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት አሥር ሰዓት ወይም አሥር ተኩል ላይ ይነሳል፤ እሷ ደግሞ ገና አትበላም። ብትበላም ያለው እንቁላልና ቋሊማ ነው፤ የሚቀራት አጃና ፍራፍሬ። ስለዚህ በፍልሰታ የምንሄድ ከሆነ ቁርስ ያለውን ትቼ ምድጃ ያለውን እይዛለሁ። ሽሮና እንጀራ በማቀዝቀዣ ሳጥን ይዘን እንሄዳለን። ማታ ሁሉም ሰው ከዚያ ነው የሚበላው፤ ጾም የማይጾሙት ልጆችም ጭምር።

ቡናውን ግን ቤታችሁ ቆልታችሁ ሂዱ። ክፍል ውስጥ ቡና መቁላት፣ ዕጣን ማጨስ የጭስ ጠቋሚውን ያስነሳል። እኛ ሆቴል አንዴ ሙሉ ሕንፃው ሌሊት ወጥቶ ፓርኪንግ ላይ ቆሟል። በዚያ ላይ ብዙ ሆቴል ክፍሉ ጭስ ከሸተተ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የጽዳት ብሎ ያስከፍላል። «ሲጋራ አይደለም፣ ዕጣን ነው» ማለት አያድንም። በኤሌክትሪክ ማፍያ ቀስ ብሎ ማፍላት ይበቃል።

ስለ አከፋፈል። ሆቴል ስትገቡ ካርዳችሁ ላይ ለተጨማሪ ወጪ መያዣ ይያዛል፤ በሌሊት 50ም 100ም ሊሆን ይችላል። በክሬዲት ካርድ ከሆነ አይሰማችሁም። በዴቢት ከሆነ ግን የራሳችሁ ገንዘብ ነው የታሰረው። ከወጣችሁ በኋላ እስኪለቀቅ ቀናት ይወስዳል። ሌላው፣ ሊሰረዝ የሚችለውን ዋጋ ያዙና ከመሄዳችሁ በፊት ደጋግማችሁ እዩት። ከወረደ አዲሱን ይዛችሁ አሮጌውን ሰርዙ። በድረ ገጽ ያገኛችሁትን ዋጋ ይዛችሁ ሆቴሉ ጋ በቀጥታ መደወልም ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያንኑ ይሰጣሉ። ክፍል ከአቅም በላይ ተሽጦ ሲገኝ ወደ ሌላ ሆቴል የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛ ወገን በርካሽ ይዞ ማታ ዘግይቶ የመጣው ነው። ሁለት ክፍል ከያዛችሁም «ኮኔክቲንግ» በሉ፤ በውስጥ በር የሚገናኙ ማለት ነው። «አድጆይኒንግ» ካላችሁ ጎን ለጎን ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጉልበት ለሚያማት እናት ደግሞ ገንዳ የሌለው ሻወርና ለአሳንሰር ቅርብ የሆነ ክፍል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ኦርላንዶና ቬጋስ ላይ ሎቢ ውስጥ ፈገግ ብሎ «ነጻ ትኬት ልስጣችሁ፣ 90 ደቂቃ ብቻ ነው» የሚላችሁ ሰው ታይምሼር ሻጭ ነው፤ በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ የምታድሩበትን የሪዞርት ድርሻ የሚሸጥ ማለት ነው። 90 ደቂቃው ሦስት ሰዓት ይሆናል። ፈርማችሁ ከሆነ ግን አልረፈደም። ፍሎሪዳ ውስጥ በ10 ቀን፣ ኔቫዳ ውስጥ በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መሰረዝ መብታችሁ ነው። እንዴት እንደሚሰረዝ ውሉ ላይ ተጽፏል። በስልክ ነገርኳቸው ብላችሁ አትተኙ፤ በሪኮማንዴ ላኩት፣ ደረሰኙን አስቀምጡ።

ክፍል ለሚያጸዱት ሴቶች ጉርሻ ስትተዉ በየቀኑ ተዉ፤ በሌሊት ከ2 እስከ 5 ዶላር። የመጨረሻ ቀን 20 ዶላር ብታስቀምጡ የሚያገኘው የዚያን ቀን ተረኛ ነው። አልጋችሁን ሳምንቱን ሙሉ ያነጠፈችው ሌላ ልትሆን ትችላለች። እኛ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ሐበሻ የመሆኗ ዕድል ትልቅ ነው። «ለጽዳት» ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉበት፤ ካልተጻፈበት የረሳችሁት ገንዘብ መስሏት አትነካውም።